«ቋሚ» በሚለው ላይ ያደረግኩት ምልክት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ብዬ ስመጣ ይህ አራተኛ እሑዴ ነው። ሦስቱን እሑድ ማይኩ ወደ እኔ ሲዞር አንገቴን ደፍቼ አሳለፍኩት። ሰው ፊት መናገር አልችልበትም። ስለዚህ ጽፌ መጥቻለሁ፤ ከወረቀት ሳነብ ታገሡኝ። አሜን የሚባልበት ቦታ ላይ ቆም ማለቱን ልረሳው እችላለሁ፣ እናንተ ግን በሉ።

ስሜ ብሩክ ነው። እዚሁ ቡራዩ ከእናቴ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ትምህርቴን አቋርጬ ግንባታ ቦታ ሲሚንቶ አቀብል ነበር፤ አንጣፊዎቹ ምሳ ሲወጡ እነሱ ያነጠፉትን በሜትር እየለካሁ ነው የተማርኩት። ሰበታ፣ ፉሪና ሱሉልታ ውስጥ የእኔ እጅ ያለባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። በሁለት ሴራሚክ መካከል ሁለት ሚሊ ክፍተት መኖር ካለበት ሁለት ሚሊ ነው። ሁለት ተኩል ከሆነ አነሣዋለሁ።

እማዬ እኔ ሳልወለድ ጌታን የተቀበለች ናት። እኔ ግን እሑድም ሥራ ነበርኩ። «ብሩኬ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረኸኝ ና» ስትለኝ፣ «እማ፣ እኔ ያልለካሁትን አላምንም» እላት ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የምናገረው፤ ኑሮዬ ግን እውነትም እንደዚያ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ሱሉልታ ውስጥ የአንድ ፎቅ በረንዳ ፊት ላይ ሴራሚክ እየለጠፍኩ ነበር። የቆምኩት በባሕር ዛፍ አጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ነው። ጠዋት ስወጣ አንዱ አጣና በምስማር ሳይመታ በሽቦ ብቻ እንደታሰረ አይቻለሁ። አይቼ፣ ከምሳ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ አለፍኩ። ምሳ ሰዓት አልደረሰም። የወደቅኩት ከስድስት ሜትር ከሃያ ነው። በኋላ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ጓደኛዬን ልኬ አስለካሁት። ምን እንደሚጠቅመኝ አላውቅም፣ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ብሩክ፣ ልዋሽህ አልፈልግም። አከርካሪህ ውስጥ ያለው ነርቭ ተጎድቷል። ከወገብህ በታች ይመለሳል ብዬ አልጠብቅም» አለኝ።

«ስንት ፐርሰንት?» አልኩት።

«እንደሱ አይለካም» አለኝ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የማይለካ ነገር ገጠመኝ።

በዚያው ሰሞን ከዚህ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ወንድሞች ሊጠይቁኝ መጡ። ወንድም ታምራት፣ እዚያ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠሃል፤ እጄን ይዘህ ጸለይክልኝ፣ እኔም ከአንተ ጋር ቃል በቃል ደግሜ ጌታን ተቀበልኩ። እማዬ አለቀሰች። ስሙ ይባረክ። ግን ዛሬ እውነቱን ልናገር ነው የመጣሁት። ያን ቀን ጌታን የተቀበልኩት እግሬን እንዲመልስልኝ ነው። ከአንድ የቤት ባለቤት ጋር እንደምዋዋለው ነበር የተዋዋልኩት፤ እኔ አምናለሁ፣ አንተ ታነሣኛለህ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የግራ እግሬን አውራ ጣት እያየሁ እጸልይ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ አላውቅም፤ ሲንቀሳቀስ እንዳያመልጠኝ።

ከአራት ወር በኋላ ቤት ስገባ ቤታችንን እንደ አዲስ አየሁት። በሩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝና አሥራ ስድስት ሳንቲም፣ በድምሩ ሃምሳ ሁለት። የበሩ ስፋት ስልሳ ስድስት ሳንቲም ነው፣ የዊልቸሬ ስፋት ስልሳ አራት። በየጎኑ አንድ ሳንቲም ይተርፋል፤ የሰው ጣት ግን ከአንድ ሳንቲም ይወፍራል። የእጄ ቆዳ የቀረው እዚያ መቃን ላይ ነው። መጸዳጃው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ነው፣ በእማዬ እርምጃ ሃያ ስድስት።

እነዚያን ሃያ ስድስት እርምጃዎች እማዬ አዝላኝ ትሄድ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ሰው ነኝ። አንገቷ ላይ ፊቴን ደብቄ እታዘላለሁ። እሷ ግን መሣቅ አትተውም። «ሕፃን ሆነህ ሁለት ዓመት አዝዬህ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ለካ እረፍት ላይ ነው የቆየሁት» ትላለች። እኔ አልሥቅም። እሷ እንዳትደክም ብዬ ውሃ መጠጣት ቀነስኩ፤ እሱም ሌላ ሕመም አመጣብኝ።

ጎረቤት ነግሮልን አንድ የተጎዱ ሰዎችን የሚረዳ ድርጅት ባለሙያ ላከልን። ሄለን ትባላለች። ሜትር ይዛ ነው የገባችው፤ ወዲያው ወደድኳት። በሩን ለካች፣ ደረጃውን ለካች፣ መጸዳጃውን አየች። በሩ ዘጠና ሳንቲም ይሆናል አለች። በደረጃው ፋንታ ራምፕ የሚሉት፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ይሠራል። መጸዳጃው ከፍ ያለ መቀመጫና ለእጅ መያዣ ብረት ይገባለታል። ወጪውን ሁሉ ድርጅቱ ይሸፍናል። እማዬ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ከዚያ ሄለን ፎርም ሰጠችኝ። እየሞላሁ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። «የጉዳቱ ሁኔታ» ይላል። ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «ጊዜያዊ»፣ አንዱ «ቋሚ»። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ራይት ማድረግ ነው።

እጄ ቆመ። ወንድሞች፣ እናንተ ይገባችኋል። ሰው በአፉ የተናገረው ይደርስበታል የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። በገዛ እጄ «ቋሚ» ብዬ ምልክት ባደርግ፣ ጌታን «ከእንግዲህ አትድከም፣ እኔ ጨርሻለሁ» ያልኩት መሰለኝ። ውሌን የማፈርስ መሰለኝ። «ጊዜያዊ» ላይ ራይት አደረግኩ።

ሄለን አየችው። «ብሩክ፣ ቤት የምናስተካክለው ለቋሚ ጉዳት ነው። ለጊዜያዊ መሣሪያ ነው የምናውሰው» አለችኝ።

«ጊዜያዊ ነው» አልኳት።

«ሐኪሙ የጻፈው እኮ...»

«ሐኪሙ የጻፈውን አውቃለሁ።»

ሄለን እናቴን አየቻት። እማዬ ወለሉን አየች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በባጃጅ ሁለት ክራንች ተላከልን። ደንቡ ነው፣ ለጊዜያዊ ጉዳት የሚሰጠው እሱ ነው። መቆም ለማይችል ሰው ሁለት ክራንች። ጥግ ላይ አስደገፍናቸው። ሰባት ወር በቤታችን ውስጥ ቀጥ ብለው የቆሙት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ክረምት ገባ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት እማዬ አዝላኝ ስትወርድ ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲም የሆነው ላይ፣ አዳለጣት። እኔ እንዳልመታ ብላ እጇን አስቀደመች። ሁለታችንም ጭቃው ላይ ነበርን፤ እኔ በላይዋ። ልነሣላት አልቻልኩም። እናቴ ከሥሬ ሆና፣ «ብሩኬ፣ ተጎዳህ?» ነበር የምትለው።

የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ጄሶ አሰሩላት። «ለስድስት ሳምንት ምንም ነገር እንዳያነሡ። ብርጭቆም ቢሆን» አሏት። እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ «ብርጭቆውን እሺ» አለች።

በዚያ ሳምንት ጎረቤቶች እየተፈራረቁ ያነሡን ነበር። እኔ ከማፈሬ የተነሣ መናገር አቆምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ቃሉን ገለጥኩ። እውነቱን ለመናገር ልከራከረው ነበር። አራት ሰዎች ተሸክመው ስላመጡት ሽባ ሰው የሚናገረው ቦታ ላይ ደረስኩ። ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ መጨረሻውን፣ የተነሣበትን ነበር የምጠብቀው። ያን ቀን ግን እንደ ባለሙያ አነበብኩት። በሩ አላስገባቸውም። ጣሪያውን አፈረሱት። ታዲያ ለሽባ ሰው ሲባል የሰው ቤት ሲፈርስ ጌታ ሥሩ ተቀምጦ አልነበረም? አቧራው ራሱ ላይ እየወረደ፣ «እምነት ካላችሁ ጣሪያ ለምን ትነካላችሁ?» አላላቸውም። እንዲያውም እምነት ብሎ የቆጠረው ያንን ማፍረሳቸውን ነው።

ጌታ ይመስገን። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የጣሪያው ባለቤት ምን አለ? ፈለግኩ፣ አልተጻፈም።

በማግስቱ የቤታችን ባለቤት ኦቦ ጀማል እማዬን ሊጠይቁ መጡ። ግቢያችን በር ላይ ሱቅ አላቸው፤ እስላም ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ። ስኳርና ብርቱካን ይዘው ገቡ። «አካም ቡልተን» ብለው ሰላምታ ሰጥተው ተቀመጡና የእማዬን ጄሶ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያች ሜትር የያዘች ልጅ ምን ሆነች? ቤት ይሠራላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ሁለት ዱላ ልካ ጠፋች» አሉ።

እኔ ነገርኳቸው። ለማንም አውጥቼ ያልተናገርኩትን ለእሳቸው ተናገርኩ። የፎርሙን ቅጂ አምጣ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«ቋ... ሚ» አሉ። «ይሄ ነው እምቢ ያልከው?»

«አዎ፣ ኦቦ ጀማል።»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ቋሚ ማለት ይሄ አይደለም እንዴ?» ብለው ከመቃኑ አጠገብ ያለውን፣ ጭቃው የተሸረፈበትን የግድግዳ እንጨት በጡጫቸው ደበደቡት። «የሚቆመው። ቤት የሚሸከመው። ሰው ቋሚ ነህ በል ቢሉት እምቢ ይላል? እኔ ብሆን ሁለት ጊዜ ራይት አደርግ ነበር።»

እማዬ ሣቀች። እጇ ከተሰበረ በኋላ ስትሥቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ጄሶዋን በግራ እጇ ይዛ ሣቀች።

«ኦቦ ጀማል፣ እዚህ ላይ ትርጉሙ ሌላ ነው» አልኳቸው። «የማይለወጥ ማለታቸው ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የማይለወጥ አላህ ብቻ ነው» አሉ። «ወረቀት ምን ያውቃል? ወረቀቱ የጠየቀህ እናትህ እስከ መቼ ታዝልህ ብሎ ነው።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ቃል የሰማሁት ከመድረክ አይደለም። ጌታ በማን አፍ እንደሚናገር አይመርጥም።

እሳቸው ሲወጡ ዊልቸሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ጸለይኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ አንተን አልፈለግኩም፣ እግሬን ነው የፈለግኩት። ብታነሣኝ አመሰግንሃለሁ። ባታነሣኝም የአንተ ነኝ። ውሉን ቀደድኩት» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። እግሬ አልተንቀሳቀሰም። ግን ከወደቅኩ ጀምሮ ደረቴ ላይ የነበረ አንድ ነገር ተነሣ። ሰላም እንደሆነ በኋላ ነው ስሙን ያገኘሁለት። እኔ ዳንኩ የምለው ያን ቀን ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን።

ሄለን ጋ ደወልኩ። በሁለተኛው ቀን አዲስ ፎርም ይዛ መጣች። ዘጠነኛው ላይ ስደርስ «ቋሚ» ላይ ራይት አደረግኩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር።

ግን ሥራው አላለቀም። የመጨረሻው ገጽ የቤቱን ባለቤት ፊርማ ይጠይቃል። ኦቦ ጀማል ሊፈርሙ መጡና ሄለን አስረዳቻቸው። ራምፑ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲም ርዝመት ይፈልጋል፤ ለሃምሳ ሁለት ሳንቲም ስድስት ሜትር ከሃያ አራት። ከበራችን እስከ ግቢው በር አምስት ሜትር ከአሥር ብቻ ስለሆነ ይታጠፋል፤ እሳቸው የለስላሳ ሳጥን በሚደረድሩበት በኩል ያልፋል። «ለሳጥኑ ሌላ ቦታ አይጠፋም» አሉ።

«በሩን ለማስፋት ደግሞ ይህ ቋሚ ይነቀላል» አለች ሄለን። ያንኑ፣ በጡጫቸው የደበደቡትን እንጨት አሳየቻቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ አይሆንም» አሉ። «ቤቱን የሠራው አባቴ ነው። አባቴ አፈር ሲመልስበት ይህን ቋሚ ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጣሪያውን የያዘው እሱ ነው። ቢወርድስ?»

«ጣሪያው በድጋፍ ይያዛል፣ አዲስ ቋሚ ይተከላል» አለቻቸው።

«እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ» ብለው ወጡ። ያን ቀን ማክሰኞ ነበር።

እነዚያን ሦስት ቀናት ስለ እግሬ አልጸለይኩም። ስለ ኦቦ ጀማል ጸለይኩ። የጣሪያው ባለቤት ምን አለ ብዬ የጠየቅኩት ጥያቄ አሁን እኔው ግቢ ውስጥ ገብቷል። እሳቸው እምቢ ቢሉ እማዬ እጇ ሲድን እንደገና ልታዝለኝ ነው። ሊወቀሱም አይችሉም፤ አባታቸው የሠራው ቤት ነው። የሚገርመኝ፣ በሦስቱም ቀን ያ ሰላም አልተወኝም። ስሙ ይባረክ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ መጡ። ሰላምታም ሳያስቀድሙ «እስክሪብቶ አላችሁ?» አሉ። ፈረሙ። ፎርሙ ላይ ተከራዩ ሲለቅ ቤቱ ወደ ነበረበት ይመለስ እንደሆነ የሚጠይቅ ቦታ አለ። «አይመለስም በል» አሉኝ። «አንተ ከተነሣህ እኔ በራምፑ የስኳር ጆንያ በጋሪ አስገባበታለሁ። ካልተነሣህ አንተ ትገባበታለህ። ሁለቱም ለእኔ ደግ ነው። ቋሚው ግን እኔ ቆሜ እያየሁ ይነቀል።»

መስከረም ሲገባ ሠራተኞች መጡ። ጣሪያውን በሁለት ወፍራም አጣና ደገፉት። አንዱ ቋሚውን ለመነቅነቅ ሁለት እጁን አጥብቆ ሲይዘው፣ ቋሚው ያለ ምንም ትግል እጁ ላይ ቀረ። ከመሬት በታች የነበረውን ምስጥ ጨርሶታል። ወለሉ ላይ ያለው ጫፉ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ቤቱን የያዘው የራሱ ጭቃ ብቻ ነበር፤ እኔና እማዬ ከሥሩ እንተኛ ነበር።

ኦቦ ጀማል እንጨቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ስንት ጊዜ እዚህ ላይ ተደግፌ ኪራይ ጠይቄአለሁ» አሉ። እማዬ በግራ እጇ አፏን ያዘች።

የተወደዳችሁ፣ እስቲ አስቡት። በሩ ባይጠብበኝ ማንም ያን ግድግዳ አይከፍተውም ነበር። ጌታ እኛን የጠበቀበት መንገድ ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ ነው በዓይኔ ያየሁት።

የመጸዳጃው ወለል ሲደርስ ሄለን «አንጣፊ ልፈልግ» አለች። «አንጣፊ አለሽ» አልኳት። ትራስ አንጥፈውልኝ መሬት ተቀምጬ፣ በክንዴ እየተጎተትኩ አነጠፍኩት። የማያንሸራትት፣ ሻካራ ሴራሚክ ነው። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ድሮ በግማሽ ቀን የምጨርሰው ነበር። ክፍተቱ ሁለት ሚሊ ነው። አንዱን ሁለት ተኩል ሆኖ አግኝቼ አነሣሁት። ሄለን ያንን አይታ ሰበታ ላለች አንዲት እህት መጸዳጃ እንዳነጥፍ ጠየቀችኝ፤ እሷም እንደ እኔ የተጎዳች ናት። አሁን ሦስተኛ ቤት ላይ ነኝ። ሁለቱን ክራንቾች ለድርጅቱ መለስናቸው። ሱሉልታ ላለ እግሩ ለተሰበረ ሰው ሄደዋል፤ የእሱ ጉዳት በእውነት ጊዜያዊ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ብቻዬን ወጣሁ። ስድስት ሜትር ከሃያ አራት። ኦቦ ጀማል ከሱቃቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ «ኢልማ ኮ፣ ቀስ፣ ለስኳሬም አቆይልኝ» አሉኝ። ኮብልስቶኑ ላይ አስቸገረኝ እንጂ ደረስኩ። እዚህ በራችን ላይ አራት ወንድሞች አነሡኝ፣ ጌታ ይባርካችሁ። ደረጃው አሥራ አራት ሳንቲም ነው፣ ለክቼዋለሁ። ሽማግሌዎች ከፈቀዱልኝ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት ራምፕ ይበቃዋል፤ ሴራሚኩን እኔ አነጥፋለሁ።

አሁንም እንድነሣ የምትጸልዩልኝ አላችሁ። አትተዉ። እኔም እጸልያለሁ። ከመካከላችሁ ግን ቤታችሁ ውስጥ ያልተሞላ ወረቀት፣ ያልተነገረ ሕመም፣ ለጌታ ስም ብላችሁ የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ አውጡት። ብትናገሩት እርሱ አያፍርባችሁም። ወራት ሙሉ የፈራሁት ቃል ላይ ምልክት ሳደርግ እርሱ ከዚያ ቃል ወዲህም ወዲያም ነበር። እርሱን እመኑት። እኔ ያልለካሁትን አላምንም ያልኩት ሰው ነኝ፣ ሳልለካው አምኜዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቅድም መዝሙር ሲዘመር ዞር ብዬ እናቴን አየሁ። ከሆስፒታል ከወጣሁ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ስትዘምር አንድ እጇ ዊልቸሬ ላይ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ጄሶ ውስጥ። ዛሬ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ሁለቱንም እጆቿን አንሥታ ነበር።